ውሃ የማይተኛበት ካፕሬዜ፦ የቲማቲምና የለጋ አይብ ሰላጣ ደረጃ በደረጃ

ካፕሬዜ ጣሊያኖች ከዋናው ምግብ በፊት የሚያቀርቡት ቀዝቃዛ ሰላጣ ነው። የሚገባበት ቲማቲም፣ ሞዛሬላ (ለጋ የጣሊያን አይብ)፣ ባዚል (የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል)፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ነው። እሳት አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በአስር ደቂቃ እጨርሰዋለሁ ብሎ የሚጀምረው።

ከዚያ ሰሃኑ ላይ ሮዝ ውሃ ይተኛል። አይቡ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ቲማቲሙ ጣዕም የለውም፣ ባዚሉ ደግሞ ጠቁሯል። አዘገጃጀቱን ደጋግማችሁ አንብባችሁ አሁንም እንዲህ እየሆነባችሁ ከሆነ የእጅ ችግር አይደለም። ችግሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውሃና ቅዝቃዜ ነው። ቲማቲሙም አይቡም በውሃ የተሞሉ ናቸው። ያንን ውሃ ሰሃኑ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ማስወጣት አለባችሁ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ አትዝለሉት።

የሚያስፈልገው (ለ4 ሰው)

- በደንብ የበሰለ ቲማቲም፦ ግማሽ ኪሎ ገደማ
- በፈሳሽ ውስጥ ያለ ለጋ ሞዛሬላ፦ 250 ግራም (ብዙ ጊዜ ባለ 125 ግራም 2 ድቡልቡል)
- ለጋ የባዚል ቅጠል፦ ከ12 እስከ 15
- ኤክስትራ ቨርጂን የወይራ ዘይት፦ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በመጨረሻ ደግሞ አንድ ቁንጥር
- ቁንዶ በርበሬ፦ ከወደዳችሁ

ከዕቃ ጥርስ ያለው ቢላዋ (የዳቦ ቢላዋ ይሆናል)፣ መክተፊያ፣ ወንፊት፣ የወጥ ቤት ሶፍት ወይም የሳሙና ሽታ የሌለው ንጹህ ፎጣ፣ እና ሰፊ ዝርግ ሰሃን አዘጋጁ። ጎድጓዳ ሳህን አይሆንም፤ የታችኛው ቁራጭ ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የእኛ ቲማቲም ሰላጣ እነሱን ይወዳል፤ ይኼኛው ግን አይችላቸውም። ለጋ ሞዛሬላ ጣዕሙ ስስ ነው፣ የወተት ጣፋጭነት ነው ያለው። ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው ያ ጣዕም ወዲያው ይጠፋል። ብዙ ሬስቶራንት ላዩ ላይ የሚያንጠባጥበው ባልሳሚኮ የሚባለው ጥቁር አቼቶም ምግቡ በመጣበት የጣሊያን ክልል፣ በካምፓኒያ፣ አሠራር ውስጥ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩት ያለ እሱ ቅመሱት። መጨመር ካማራችሁ ትንሽ ደረቅ ኦሬጋኖ ይስማማዋል።

ግዢ፦ ግማሹ ሥራ እዚህ ነው

*ቲማቲም።* በጥሬው ስለሚበላ ያልበሰለ ቲማቲምን የሚያድነው ነገር የለም። እስከ ጫፉ የቀላ፣ በእጅ ሲያዝ ከበድ የሚል፣ ስትጫኑት ትንሽ እሺ የሚል፣ ግንጩ አካባቢ ስታሸቱት የቲማቲም ሽታ ያለው ምረጡ። አገር ቤት በብዛት የሚገኘው ሞላላው ሮማ ነው። ሥጋው ወፍራም፣ ፍሬውና ውሃው ያነሰ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ክቡ ትልቁ ቲማቲም ሰሃን ላይ ያምራል፤ ግን ውሃው ብዙ ነው፣ ማጠንፈፉ ላይ መታገሥ ይጠይቃል። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ በክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ትልልቆቹን ተዉና ትንንሾቹን ቼሪ ቲማቲሞች ግዙ። በዚያ ወቅት ጣዕም የሚቀራቸው እነሱ ናቸው።

ጠንካራ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ ግንጩ ወደ ታች ሆኖ፣ ሳይደራረብ ከ2 እስከ 4 ቀን አቆዩት። ፀሐይ አያግኘው። ከቸኮላችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር ካኪ ከረጢት ውስጥ ክተቱት፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያፈጥነዋል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት። ከ12 ዲግሪ በታች ሲውል ሽታውን የሚሰጠው ነገር መሠራቱን ያቆማል፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል።

*ሞዛሬላ።* ትልቁ ስህተት ፒዛ ላይ የሚፈቀፈቀውን መግዛት ነው። እሱ ጠንካራ፣ ቢጫ የሚያደላው፣ አየር በሌለበት ፕላስቲክ የታሸገ ነው። የተሠራው እንዲቀልጥ ነው። ሳይሞቅ ሲበላ ላስቲክ የሚሆነው ለዚህ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ነጭ፣ ድቡልቡል፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚዋኘውን ነው። ማሸጊያው ላይ «ፊዮር ዲ ላቴ» የሚል ካለ ከላም ወተት የተሠራ ነው። «ሞዛሬላ ዲ ቡፋላ ካምፓና» ደግሞ ከጎሽ ወተት የሚሠራ፣ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው። የጎሹ የበለጠ ክሬማማና ጣፋጭ ነው፤ ዋጋውም ውሃውም ይበልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላሙ ጀምሩ። ቀኑን ተመልከቱና አዲሱን ውሰዱ፤ ይህ አይብ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ይኮመጥጣልም።

ነፍሰ ጡር ካለች ከፓስቸራይዝድ (ጀርሙ በሙቀት ከተገደለ) ወተት የተሠራ መሆኑን ማሸጊያው ላይ አረጋግጡ። ካልተጻፈ ተዉት።

*ባዚል።* ለጋ ቅጠል እንጂ ደረቅ አይሆንም፤ ደረቁ ሣር ሣር ይላል። ባዚል አጥታችሁ ለጋ በሶብላ ካላችሁ ዘመዳሞች ናቸው፣ ይቻላል። ግን በሶብላ ኃይለኛ ስለሆነ በሰሃን ከ4 ወይም 5 ትንንሽ ቅጠል አታሳልፉ። ባዚሉን ቤት ስታደርሱት ግንዱን ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ አቁሙትና ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ፍሪጅ ያጠቁረዋል።

*ዘይት።* ከማፍሰሳችሁ በፊት በሻይ ማንኪያ ቅመሱት። ጥሩ ዘይት የአረንጓዴ ቅጠል ሽታ አለው፣ ጉሮሮም ላይ ትንሽ ያቃጥላል። የሻገተ ለውዝ ወይም የቆየ ቅቤ ከሸተተ ለዚህ ምግብ አይሆንም።

የጊዜ ሰሌዳ

ምሳው 7 ሰዓት ከሆነ፦

6:00 – አይቡ ከፍሪጅ ይወጣል፣ ቲማቲምና ባዚል ይታጠባል
6:25 – ቲማቲም ይቆረጣል፣ ጨው ይነካዋል
6:35 – አይቡ ይቆረጣል፣ ይጠነፈፋል
6:50 – ሰሃን ላይ ይደረደራል
6:55 – ዘይት፣ ባዚል፣ ወደ ጠረጴዛ

እንግዳ የሚዘገይ ከመሰላችሁ 6:25 ላይ ያለውን ሥራ አትጀምሩ። ሁሉንም ለየብቻ አስቀምጡ። ቲማቲሙን አንዴ ጨው ከነካው ወዲህ ሰዓቱ ይቆጥራል።

ደረጃ 1፦ አይቡን ከነፈሳሹ አውጡት

ሞዛሬላውን ማሸጊያውን ሳትከፍቱ ከፍሪጅ አውጡትና ከግማሽ ሰዓት በላይ አቆዩት። ቀዝቃዛ አይብ ይጠነክራል፣ ጣዕሙም አይሰማም። ከፈሳሹ አታውጡት፤ ላዩ ይደርቃል።

ከረሳችሁት የታሸገውን እንዳለ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። እጃችሁን ስትከቱበት ሙቀቱ የማይሰማችሁ ያህል ለብ ያለ። በሙቅ ውሃ ወይም በማይክሮዌቭ አትሞክሩ፤ ስቡ ይወጣና አይቡ ይጨማደዳል።

ደረጃ 2፦ እጠቡ፣ አድርቁ

ቲማቲሙን ሳትቆርጡ፣ ግንጩን ሳትነቅሉ እጠቡት። ቀድማችሁ ከነቀላችሁ በቀዳዳው ውሃ ይገባል። ባዚሉን በተቻለ መጠን በቀስታ እጠቡ። በጥሬው ስለሚበሉ የቧንቧውን ውሃ የማታምኑ ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ። አትክልት አቼቶ ባለበት ውሃ የምትዘፈዝፉ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ።

አሁን አድርቁ። ቲማቲሙን በፎጣ ጥረጉት። ባዚሉን በሶፍት ላይ ዘርግታችሁ ሌላ ሶፍት አልብሱትና ሳትጫኑ ተዉት። ላዩ ላይ ጠብታ የቀረበት ቅጠል ዘይቱን ይገፋዋል።

ደረጃ 3፦ ቲማቲሙን ቁረጡ

ግንጩን አውጡና ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቁረጡ። ክቡን ወደ ጎን፣ ሮማውን በሰያፍ። በሰያፍ ሲቆረጥ ሮማው ሰፋ ያለ ቁራጭ ይሰጣል፣ ከአይቡም ጋር ይመጣጠናል። ጥርስ ያለውን ቢላዋ እየገፋችሁና እየሳባችሁ ተጠቀሙ። ከላይ አትጫኑ። ስትጫኑ ፍሬው ይፈሳል፣ ሥጋውም ይደቃል።

ቁራጮቹ ከተንኮታኮቱ ወይ ቢላዋው ደንዟል ወይ ቲማቲሙ ከመጠን በላይ በስሏል። በዚህ ጊዜ ቀጭን ለማድረግ አትታገሉ። ቲማቲሙን ስድስት ቦታ ሰንጥቁት፣ አይቡንም በእጅ ቁረሱት። ቅርጹ ይለያያል እንጂ ጣዕሙ አይጎድልም።

ደረጃ 4፦ ጨው ንኩትና ጠብቁ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፣ ውሃውን የሚያመጣውም ይህን መዝለል ነው። ቁራጮቹን ወንፊት ላይ ወይም ሶፍት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ሳይደራረቡ ዘርጉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ጨው ከፍ ካለ ቦታ እኩል በትኑ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት።

ጨው ውሃ ይስባል። ያ ውሃ በምንም መንገድ መውጣቱ አይቀርም። አሁን ወንፊቱ ላይ ይውጣ ወይስ በኋላ እንግዳ ፊት ሰሃኑ ላይ? ምርጫው ይኼ ነው። ውሃው ሲቀንስ የቀረው ቲማቲምም የበለጠ ይጣፍጣል።

ከወንፊቱ በታች የተጠራቀመውን አትድፉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያዙና ለደረጃ 7 አስቀምጡ። ቲማቲሙን ግን ጨው ከነካው በኋላ ከ20 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ይልፈሰፈሳል። ቼሪ ቲማቲም ከሆነ ለሁለት ሰንጥቃችሁ የተቆረጠው ፊት ላይ ብቻ ጨው ንኩ።

ደረጃ 5፦ አይቡን ቁረጡና አጠንፍፉ

አሁን ማሸጊያውን ክፈቱ። ድቡልቡሉን አውጡ፣ በሶፍት ዙሪያውን አድርቁ። ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት፤ የቲማቲሙ ያህል። ቢላዋው ላይ ከተጣበቀ ቢላዋውን ውሃ ነክራችሁ ቀጥሉ።

ቁራጮቹን በሁለት ሶፍት መካከል አስቀምጡ። 10 ደቂቃ። ሶፍቱ ከራሰ ቀይሩት። የጎሽ ወተት ሞዛሬላ ከሆነ በቢላዋ ከመቁረጥ በእጅ ቁረሱትና ወንፊት ላይ 20 ደቂቃ አጠንፍፉት። የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ብዙ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ ጤነኛ ነው። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጭመቁት፤ ውሃው ብቻ ሳይሆን ክሬሙም ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቅመሱት። ጣፋጭና ወተት ወተት የሚል መሆን አለበት። የሚኮመጥጥ፣ የሚያንሸራትት ወይም የሚመር ከሆነ ጣሉት። በዘይትና በጨው የሚሸፈን ነገር አይደለም።

ደረጃ 6፦ ደርድሩ

ቲማቲሙን አንድ ጊዜ በሶፍት ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ከዚያ አንድ ቲማቲም፣ አንድ አይብ፣ አንዱ የሌላውን ግማሽ እየተደገፈ በአንድ ረድፍ ወይም በክብ ደርድሩ። ተራራ አትሥሩ። በተቆለለ ቁጥር የታችኛው ይጨፈለቃል፣ ውሃም ይወጣዋል።

ደረጃ 7፦ ዘይትና ጨው

አስቀምጣችሁት የነበረውን አንድ ማንኪያ የቲማቲም ጭማቂ ከ3 ማንኪያ ዘይት ጋር በሹካ ምቱት። ትንሽ ወፈር ይላል። እሱን ከላይ አንጠባጥቡ። ጭማቂውን ሲቀምሱት በጣም ጨዋማ ከሆነ ተዉትና ዘይቱን ብቻ አፍስሱ። ቲማቲሙ ጨው አለው፣ አይቡ ግን ያለው ትንሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዋን ቁንጥር አይቡ ላይ ብቻ በትኗት። ቁንዶ በርበሬ ከወደዳችሁ አሁን ፈጭታችሁ ጨምሩ።

ደረጃ 8፦ ባዚል፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ጠረጴዛ

ትንንሾቹን ቅጠሎች ሙሉውን፣ ትልልቆቹን በእጅ ቀንጥሳችሁ ጣል ጣል አድርጉ። በቢላዋ አትክተፉት፤ የተጨፈለቀው ጠርዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ መብላት አለበት። ዳቦ አብራችሁ አቅርቡ፤ ሰሃኑ ላይ የቀረውን ዘይት ያለ ዳቦ መተው ያሳዝናል።

ለጋ ሞዛሬላ ካልተገኘ

በየሱቁ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። የፒዛውን አይብ ከመጠቀም ቤት ውስጥ የሚቆረጥ ለጋ አይብ ሥሩ። ሞዛሬላ አይደለም፣ አይለጠጥም፤ ግን ነጭ፣ ለስላሳና የወተት ጣዕም ያለው ነው።

1. ቅባቱ ያልወጣለት 2 ሊትር ወተት ወፍራም ድስት ውስጥ አድርጉ። ታቹ እንዳያር እያማሰላችሁ በመካከለኛ እሳት አሙቁት። ገና ያልፈላ ጥሬ ወተት ከሆነ በደንብ ይፍላ። በካርቶን የሚሸጠው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ወተት በደንብ አይረጋም፤ ሌላ ካለ ሌላውን ተጠቀሙ።
2. ከፍ ሲል አጥፉት። 2 ደቂቃ ጠብቁ።
3. ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ አንድ አንድ ማንኪያ እያላችሁ ጨምሩ። ቀስ ብላችሁ አንዴ ሁለቴ ብቻ አማስሉ። ብዙ ማማሰል እርጎውን ያደቅቀዋል።
4. አይቡ ከቢጫማው አጓት ሲለይ ማማሰሉን አቁሙና 10 ደቂቃ ተዉት። አጓቱ አሁንም ነጭ ከሆነ እሳቱን ለኩሱና አንድ ማንኪያ ሎሚ ጨምሩ።
5. ሻሽ በተነጠፈበት ወንፊት አጥልሉት። የሎሚው ጣዕም እንዲሄድ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ፈጠን ብላችሁ አለቅልቁት።
6. ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ሻሹን ቋጥሩ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ከላይ ሰሃንና ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን ነገር ጫኑበት። አንድ ሰዓት።
7. ለመቁረጥ እንዲመች አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት አውጡት።

ስትቆርጡት ከፈራረሰ ክብደቱ አንሷል ወይም ቸኩላችኋል። መልሳችሁ ጠቅልሉና ሌላ ግማሽ ሰዓት ጫኑት።

የገበያውን አይብም መጠቀም ይቻላል። ግን እሱ ስለሚኮመጥጥ በጣም ጣፋጭ የሆነ ቲማቲም ፈልጉለት። በሻሽ ጨመቅ አድርጉትና በማንኪያ ቲማቲሙ ላይ ጣል ጣል አድርጉት፤ ለመቁረጥ አትሞክሩ። የትኛውም ቢሆን የፍስክ ምግብ ነው፤ ቀኑን አስቡበት።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ሰሃኑ ላይ ውሃ ተኛ።* ሰሃኑን ዘንበል አድርጉና ጠርዙ ላይ የተጠራቀመውን በሶፍት ምጠጡት። ከዚያ አንድ ማንኪያ አዲስ ዘይት አፍስሱ፤ የመጀመሪያው ከውሃው ጋር ሄዷል።

*ቲማቲሙ ጣዕም የለውም።* ስኳር አትነስንሱበት። ለሁለት ሰንጥቁት፣ ዘይትና ጨው ቀቡት፣ ኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ይሸበሸባል፣ ጣዕሙም ይሰበሰባል። ሲቀዘቅዝ በአይቡ ጎን አድርጉት። ደካማ ቲማቲምን በእውነት የሚያነሳው ዘዴ ይህ ብቻ ነው።

*ጨው በዛ።* ጨው ያልነካው አይብ ጨምሩ። ከሌለ ጨው አልባ ዳቦ አብራችሁ አቅርቡ። ቲማቲሙን በውሃ አታለቅልቁ።

*ባዚሉ ጠቆረ።* ልቀሙና አውጡት፣ ሌላ ጣሉበት። ሌላ ከሌለ ያለ ባዚል ይቅረብ።

*ዘይቱ ረጋ።* አይቡ ወይም ሰሃኑ ቀዝቃዛ ነበር። 10 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ተዉት፣ ይመለሳል።

የተረፈው

ለጋ አይብ ያለበት ሰሃን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ የባሕረ ሰላጤው በጋ እንደሚሆነው፣ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። የተረፈውን ፍሪጅ አስገብታችሁ በማግስቱ እንደ ሰላጣ አታቅርቡት፤ አይቡ ይደርቃል፣ ቲማቲሙ ይልፈሰፈሳል። ይልቅ ክተፉትና ከእሳት አሁን ከወጣ ትኩስ ፓስታ ጋር አዋህዱት፣ ወይም ዳቦ ላይ አድርጋችሁ አይቡ እስኪቀልጥ ኦቨን ውስጥ አስገቡት። ያልተከፈተው ሞዛሬላ በፈሳሹ ውስጥ እስከ ቀኑ ይቆያል። የተከፈተውን በራሱ ፈሳሽ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ አስቀምጡትና በሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት።